በዳገቱ ወገብ

በፖቶሲ መንገድ ላይ፣ ከቻልያፓታ ወጥቶ፣
ከአራት ሺህ ሜትር በላይ፣ አየሩ እንደ ነጠላ ሳስቶ፣
የካሲሚራ ፒክአፕ ሽንኩርት እስከ አንገቱ ተጭኖ
በሁለተኛ ማርሽ ይሳባል፣ ራሱን ለምኖ።
አውቶቡስ ያልፈዋል። ብስክሌት ሊያልፈው ይዳዳዋል።
ላማዎች አንገት አስግገው «ይሄ ደግሞ ማነው?» ይሉታል።

በብስኩት ቆርቆሮ፣ ሳንቲም በሳንቲም ተለቅሞ፣
ለአንዱ የሚበቃ ገንዘብ አለ፤ ለሁለቱ ግን… ከርሞ።
አንዱ ቱርቦ ነው። አንዱ ሱፐርቻርጀር።
እኔ ያኔ ባትሪ ያዥ ነበርኩ፣ አፌን ዘግቼ የምማር፣
የሁለት አማቾች ጋራዥ ውስጥ፤ በአንድ ጣሪያ የሚኖሩ፣
በቡሎን መጠን እንኳ ተስማምተው የማያድሩ።

ኤቫሪስቶ ቱርቦ አለ፤ ካቻቢቴውን እንደ መስቀል አንስቶ፦
«ጭሱን አይተሽ ታውቂያለሽ፣ ከማርሚታው ሲሄድ ጠፍቶ?
ያ ጭስ ጉልበት ነው፣ እመቤቴ፤ የተደፋ ወጥ፣ የፈሰሰ ወተት፤
ቱርቦ ከሞተርሽ አይነጥቅም፤ ትራፊ ነው የእሱ ራት።
በተጣለው ጭስ ይሽከረከርና፣ ቀጭኑን አየር ጠቅጥቆ
ወደ ሳንባው ይልክለታል። ዳገቱን ይወጣዋል ስቆ።»

ሳተርኒኖ ሳቀ። ሳቁ ጥርስ የለውም፤ ድድ ብቻ።
«ቱርቦማ ያስጠብቃል። ትረግጪዋለሽ፤ እሱ ያዛጋል ለብቻ።
አንድ… ሁለት… ሦስት… ስትይ፣ እንደ ሰካራም እንግዳ
በሩን ገንጥሎ ይገባል፤ ያን ጊዜ ነው ፍዳ።
የእኔው ግን በቺንጊያ ከሞተሩ ወገብ ታስሯል፤
እግርሽ ገና ሲነካው «አቤት!» ብሎ ይደርሳል።»

«እላይ አየሩ ሲሳሳ፣ እሱም አብሮ ይሳሳል፤
ሞተሩ ሲያቃስት ያቃስታል፤ ታዲያ ምኑን ረድቷል?
ከራስሽ ቆርሶ ያበላሻል!» አለ ኤቫሪስቶ፣ «ሻ»ን አጥብቆ፤
ሳተርኒኖ አላልቶ መለሰው፦ «አዎ፣ ያበላሻል!» ትከሻውን ሰብቆ።

እስከ ምሽት ሄዱ። ውሻው እንኳ ሰለቸው።
ካሲሚራ ባርኔጣዋን አውልቃ አንድ ነገር ጠየቀቻቸው፦
«ኩርባው ላይ፣ ጭነት ይዛችሁ፣ ቆማችሁ ታውቃላችሁ?»
ዝም አሉ።
«መውጣት አላልኩም። ቆሞ መነሳት ነው ያልኳችሁ።»

ሐሙስ ዕለት ይዛኝ ሄደች።
ከዳገቱ ወገብ፣ መኪና ከማይቆምበት ቦታ፣
ዶን ኤሌውቴርዮ ቆሟል፣ ባዶ የኦክስጅን ሲሊንደር አቅፎ በዝምታ።
ሠላሳ ዓመት ተራራ ሲቦረቡር፣ አቧራው ሳንባውን ገንብቶታል፤
«ሜዳው ድረስ ውረድ» ቢሉት፣ ሃምሳ እርምጃ ይገድለዋል።
ቆመች። ጫነችው። ልትነሳ ስትል ፒክአፑ ወደ ኋላ ተንሸራተተ፤
ድንጋይ ይዤ ዘለልኩ። አንድ ጆንያ ሽንኩርት ገደል ተከተተ።
ሽማግሌው ሊናገር ሞከረ፤ ሳል ቀደመው፤
«ይቅር» አለ በአንድ ትንፋሽ፤ «ታ»ን በሌላ ጨረሰው።

ማታ ቆርቆሮዋን ገለበጠች፣ ከሳተርኒኖ ጠረጴዛ ላይ።
«ባለ ቺንጊያው ይሁን።» ኤቫሪስቶ እጁን ዘረጋ ወደ ሰማይ፦
«ስለ አንድ ሐሙስ ስድስት ቀን መክሰር?»
«አዎ። መፍቻህን አንሳና ሥራህን ጀምር።»
የገጠመውም እሱ ራሱ ነው፣ እያጉረመረመ፤
ቺንጊያዋን ለካ፣ አጠበቀ፣ አላመናትም፣ ደገመ።

ዶን ኤሌውቴርዮ በሁለተኛው ክረምት አረፈ።
እኔም ጋራዥ ከፈትኩ፤ ብዙ ሞተር በእጄ አለፈ።
ለዚያ ከፍታ፣ ለዚያ ጭነት፣ ትክክሉ ቱርቦ ነበር፤
አውቃለሁ። ለካሲሚራ ግን አልነግራትም፤ ይቅር።

ባለፈው ሐሙስ አብሬያት ነበርኩ። ኩርባው ጋ ስንደርስ ቆመች፤
ማንም የለም። ነፋስ ብቻ።
እጇን በእኔ ላይ አሻግራ በሩን ከፈተች፤
ጥቂት ቆይታ ዘጋች።
ከዚያ ረገጠችው።
መኪናው አልጠበቀም።